የጥራጊ ስም ባለቤት

አስመራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ገብርኤል፤
ወገራ፣ ግራርጌ ማርያም።

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ የእኅትዎ የሽታዬ ልጅ፣ የግራርጌ ማርያም ጸሎት ከብርዱም ከናፍቆቱም ጠብቆኝ ደህና ነኝ። እናቴን፣ ወንድሜን ቢያዝንን፣ ጎረቤታችንን እታለም እናኑን፣ የጠየቀኝን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ያልጠየቀኝንም ቢሆን ሰላም ይበሉልኝ።

የነርስ ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ጀምሬያለሁ። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ትኩሳት መለካት ችያለሁ። ሕመምተኞቹ እጅሽ ቀላል ነው ይሉኛል። ከእርስዎ በቀር ይህን የምነግረው ሰው የለኝምና ጉራ እንዳይመስልብኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ስለ ስሜ ነው። እዚህ በየጠዋቱ ስም ይጠራል። «ጥራጊ ማሩ» በተባለ ቁጥር ከኋላ ሆና መጥረጊያ የምታነሳ አትጠፋም። ጎንደር ስማርም ይስቁብኝ ነበር፤ ያኔ ግን ከወገራ የመጣች አንዲት ታናሽ ጥራጊ ስለነበረች ሳቁን ለሁለት ተካፈልነው። እዚህ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ወር ከውጭ አገር የመጡት አለቃችን የስማችንን ትርጉም አንድ በአንድ ጠየቁን። ተራዬ ሲደርስ «ከቤት ተጠርጎ የሚጣል ነገር» አልኩ። ሴትዮዋ ደግ ናቸውና አልሳቁም። ትከሻዬን ዳበስ አድርገው አለፉ። ከልጆቹ ሳቅ ይልቅ ያ ዳበሳ አንገቴን አስደፋኝ።

ስመረቅ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ስም ዕድሜ ልኬን አብሮኝ ይኖራል። አምሳል መባል እፈልጋለሁ። ለዚህ የአጥቢያው ሽማግሌዎች የፈረሙበት ወረቀት ያስፈልገኛል፤ እርሱን እንዲልኩልኝ እለምንዎታለሁ። ደግሞም ይህን ስም ማን እንዳወጣልኝና ለምን እንዳወጣልኝ ይጻፉልኝ። እናቴን በጠየቅኋት ቁጥር ወሬ ትለውጥብኛለች። ይህን መጻፌን ለእርስዋ ገና አይንገሩብኝ።

ልጅዎ
አምሳል ማሩ


ግራርጌ ማርያም፣ ጥር 28 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጥራጊ ማሩ። አምሳል ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

የእጅሽን ቅለት ለበሽተኛ ሁሉ መድኃኒት ያድርገው። ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ። እኛ በቸርነቱ አለን። ገብሱ ሸጋ ነው፣ እናትሽም ደህና ናት። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ጥምቀት ደረሰና ሥራ በዛብኝ ልል ነበር፤ ውሸት ነው። ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ጠፍቶኝ ነው የዘገየሁት።

ከአንቺ በፊት እናትሽ ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። አንዱም ዓመት አልሞላውም። በአገራችን ልጅ የማይበረክትላት እናት ምን እንደምታደርግ ሰምተሽ ይሆናል። ቤቷን ጠርጋ ሕፃኑን ከጥራጊው ላይ ታስቀምጥና ጥዬዋለሁ ትላለች። አስቀድማ የተነጋገረቻት ጎረቤት በመንገድ እንዳለፈች ሆና ታነሳዋለች። «ወድቆ አገኘሁ፣ የኔ ነው» ትልና፣ እፍኝ እህል ተቀብላ «አሳድጊልኝ» ብላ ለእናቱ ትመልሰዋለች። ሞት የእናቲቱን ልጅ ፍለጋ ሲመጣ የሌላ ሰው ልጅ አግኝቶ ይመለሳል ነው ነገሩ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ አልወደውም። ግን በሦስቱም ሕፃናት ፍትሐት ላይ ቆሜያለሁና ያን ቀን አፌን ዘጋሁ።

እናትሽ የተነጋገረችው ከእናኑ ጋር ነበር። እናኑን መቼም ታውቂያታለሽ፤ ለለቅሶም ሳትኳኳል አትወጣም። ጥራጊ ለማንሳት ነጠላ ልትቀይር ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚህ መሀል ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ የመጣች፣ አዛለች የምትባል ሴት፣ ነጭ ሽንኩርት በቅርጫት ይዛ ወደ ዳባት ገበያ ስትሄድ በደጃችሁ አለፈች። ሕፃን ከጥራጊ ላይ ተኝቶ አየች። ግራ ቀኙን ብታይ ሰው የለም። የእውነት የተጣለ መሰላት። ነጭ ሽንኩርቷን ግማሹን እዚያው ደፍታ፣ አንቺን ቅርጫቱ ውስጥ አስተኝታ መንገዷን ቀጠለች።

እናኑ ነጠላዋን አሳምራ ብትመጣ፣ ልጅ በነበረበት ቦታ የነጭ ሽንኩርት ክምር። የእናትሽ ጩኸት እኔ ዜማ ከማስተምርበት ድረስ ተሰማ። ልጅቱ ወደ ነጭ ሽንኩርት ተለወጠች ብለው ያማተቡም ነበሩ። እኔና አባትሽ ማሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዳባት ድረስ ሮጥን። አዛለች ከገበያው ዳር ተቀምጣ፣ አንዲት አራስ ለምና ስታስጠባሽ አገኘናት። አልሰጥም አለች። የጣላችሁትን አነሳሁ፣ ዋጋዋንም ነጭ ሽንኩርቴን ትቼላችኋለሁ አለች። ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ለጣሊያን ዳኛ ልጃችንን ሞትን ለማታለል ከጥራጊ ላይ አስቀመጥን ብለን እንዴት እንክሰስ? አያ ሰጠኝን ሽማግሌ አድርገን ተቀመጥን።

ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ። አዛለች ባልዋ በጦርነቱ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች ናት። በመጨረሻ ልጅቱን እመልሳለሁ፣ ግን ስሟን እኔ ላውጣ አለች። ሁላችንም ሸጋ ስም ስንጠብቅ ጥራጊ አለች። «ስሟን የለወጣችሁ ቀን ልጅቱ የኔ ናት» ብላ እናትሽን በማርያም ደጀ ሰላም አስማለቻት። እናትሽ ወሬ የምትለውጥብሽ ለዚህ ነው። ለዚያች ሴት የማለችውን መሐላ እስከ ዛሬ ትፈራዋለች።

በፊት በስምሽ ያልሳቀ አልነበረም። ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ግን ፈንጣጣ ገብቶ ካጥቢያችን አሥራ አራት ሕፃን ሲወስድ አንቺን አልነካሽም። ከዚያ ወዲህ ልጅ የሞተባት ሁሉ ለሴት ልጇ ጥራጊ ትል ጀመር። የፊታውራሪው ሚስት ሳትቀር ሐር አልብሳ ጥራጊ ብላ አሳደገች። ዛሬ ካንቺ ሌላ ዘጠኝ አሉ። ከምንጩ ላይ አንዷን የጠራ እንደሆነ ዘጠኙም ይዞራሉ። ቀዩዋ ጥራጊ፣ የወንዝ ማዶዋ ጥራጊ እየተባሉ ነው የሚለዩት። እኛ ለክርስትና የጻድቃንና የመላእክት ስም ስንፈልግ እነርሱ ከቤት ጥራጊ ይዘው ይመጣሉ።

ስለ ወረቀቱ አስብበታለሁ። ለእናትሽ አልነገርኩም። ዐይኔ ደክሞ ዳዊቱን በቃሌ እየገፋሁት ነውና፣ ከዚያ አገር መነጽር ቢገኝ ላኪልኝ።

አጎትሽ
ወልደ ገብርኤል


አስመራ፣ መጋቢት 20 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ገብርኤል።

የጾሙን ጊዜ በብርታት ያስፈጽምዎ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በጤና ያድርስዎ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ በሦስተኛው አለቀስኩ። እንደ ጠፋ ፍየል ሽማግሌ የተቀመጠብኝ መሆኔን ሃያ ዓመት ሙሉ የነገረኝ የለም። ስሜን ያወጣው እናቴም አባቴም አይደሉም፤ መንገድ ላይ ያለፈች ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ናት። የእርስዋን ቃል ተሸክሜ በእኔ ይሳቅብኝ?

አሁን እኔም እውነቱን ልንገርዎ። ከመስከረም ጀምሮ በመዝገቡ የተጻፍኩት አምሳል ተብዬ ነው። የጠዋቱ ስም መጥሪያ ገና ስላልታረመ ነው በድሮው የሚጠሩኝ። ወረቀቱ ነገሩን ለመጨረስ ነው። ስለዚህ አስብበታለሁ አይበሉኝ፣ ይላኩልኝ።

መነጽሩን ወደ ጎንደር ለሚወርድ የጭነት ማኪና ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ዳባት ላይ ያወርደዋል። የዚህን ደብዳቤ ላኪ ከፖስታው ላይ አምሳል ማሩ ብዬ ጽፌያለሁ። ቀስ በቀስ እንዲለምዱት ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ልጅ ሳለሁ በየዓመቱ በግራርጌ ማርያም ንግሥ ዕለት አንዲት ሴት ካጥራችን በር ላይ ቆማ «ጥራጊ» ብላ ትጠራኝ ነበር። አቤት ስላት ምንም ሳትናገር አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት እጄ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። እናቴ ከቤት አትወጣም ነበር። እኔ እብድ ትመስለኝ ነበርና ከፍ ስል እሸሻት ጀመር። እርስዋ ናት?

ልጅዎ
አምሳል


አስመራ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ገብርኤል።

ፍልሰታን እንዴት ይዘውታል? በግንቦት ጽፌ መልስ የለም፤ በሰኔ ጽፌ መልስ የለም። ተቆጥተው ከሆነ ቁጣዎን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ከዝምታው ይሻለኛል። ከወገራ የመጣ አንድ ነጋዴ ፈንጣጣ ገብቷል ብሎ አወራ። ወረቀቱ ይቆይ። እናቴ ደህና መሆኗን ብቻ ይጻፉልኝ። እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ


ግራርጌ ማርያም፣ ጥቅምት 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ።

አዲሱን ዓመት የበረከት ያድርግልሽ። በስም ሳልጠራሽ መጀመሬን አትታዘቢኝ፤ ስትጨርሺው ይገባሻል። መጀመሪያ እናትሽ ደህና ናት። መነጽሩም ደርሷል። ዳዊቱን ባየው ሦስት ቦታ ላይ ስሳሳት ኖሬያለሁ፤ ለተማሪዎቼ እንዳትነግሪ።

የመጋቢቱን ደብዳቤ ዳባት ላይ ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ በገበያ መሀል «ከአስመራ፣ ከአምሳል ማሩ» ብሎ ጠራው። ማን ነበረ እዚያ? እናኑ። አሳምራ ለብሳ። አስመራ ያለች የማሩ ልጅ አንዲት ናት፤ ስለዚህ እኔ ቤቴ ሳልደርስ አገሩ ሁሉ ሰምቶ ጠበቀኝ። እናትሽ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ልጄን ሰጠኋት» አለችና ከምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። እኔ እያወቅሁ ደብቄአታለሁና ሁለት ወር አላናገረችኝም። የእኅትን ዝምታ ያየ ያውቀዋል። ምን ብዬ ልጻፍልሽ?

ከዚያ የዘጠኙ ጥራጊዎች እናቶች ተራ በተራ መጡብኝ። የስሙ ባለቤት ከጣለችው እኛ ምን ይዘን እንቀመጥ ይሉኛል። ቀድማ የለወጠችው የፊታውራሪው ሚስት ናት። ሰኔ ሲያልቅ ስድስቱ ተለውጠው ብርነሽ፣ አልማዝ፣ ምን ምን ሆኑ። ከምንጩ ላይ ጥራጊ ብሎ የሚጠራ ሦስት ብቻ ይዞሩለት ጀመር። በዚሁ ላይ ፈንጣጣው ገባ። ቀዩዋ ጥራጊ ስሟ በተለወጠ በሦስተኛው ሳምንት ያዛት። ፊቷ ተበሳስቶ ተረፈች፤ ስሟ ቢለወጥ ነው ከሚለው ወሬ ግን አልተረፍንም። የወሬው መድረሻ እናትሽ ናት። ልጄ አስመራ ላይ ትሞታለች ብላ እህል ተወች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በዚያ ዝናብ ተነሥታ ወደ አዛለች አገር ሄደች። ተከተልኳት። ከበሩ ስትደርስ ድንጋይ አንሥታ በጫንቃዋ ተሸከመችና ጎንበስ ብላ ገባች። አዛለች አርጅታለች፣ ዐይኗም ፈዟል። እናትሽ መሐላዬ ፈረሰ፣ ልጅሽን ውሰጃት፣ ብቻ ሞት እንዳይወስዳት ለምኝልኝ ብላ ወደቀች። አሮጊቷ ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችላት። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ አንዱንም አልጨመርኩበት።

«ምነው ሽታዬ? እኔ ስም ያወጣሁት ለሞት ብዬ አይደለም። ልጅቱን መልሼ ስሰጥ የኔ የሆነ አንድ ነገር ይቅርልኝ ብዬ ነው። ሸጋ ስም ባወጣላት የሁሉም ይሆን ነበር። ይህን ማንም አይወስድብኝም አልኩ። ይኸው ዘጠኝ ሆነው ቀሙኝ።»

ስድስቱ መልሰዋል ብላት ሳቅ አለች። መሐላውን ፈትቻለሁ፣ ከከበዳት ታውርደው አለች። ቀጥላም አጥር ድረስ ስትሸኘን እኔን በነጠላዬ ያዝ አድርጋ፣ «አያ መሪጌታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጥራትና አቤት ትበለኝ» አለችኝ። አዎን ልጄ፣ የነጭ ሽንኩርቷ ሴት እርስዋ ናት። እናትሽ ከቤት የማትወጣው ትወስድብኛለች ብላ ስለምትፈራ ነበር። አዛለችም የማትገባው እንዳትወስድሽ ራሷን ስለምትፈራ ነበር መሰለኝ። እኔ ሁለቱንም እያየሁ ሃያ ዓመት ዝም አልኩ። ለዚህ ይቅርታሽን እለምናለሁ።

የጠየቅሽውን ወረቀት አያይዤዋለሁ። እኔ ፈርሜያለሁ፣ አያ ሰጠኝም ጣቱን አትሟል፣ እናትሽም ፈቅዳለች። የወደድሽውን አድርጊ። ከእንግዲህ ምንም አልለምንሽም፤ መነጽር እንኳ አለኝ።

አጎትሽ
ወልደ ገብርኤል


አስመራ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ።

እግዚአብሔር ለእናቴም ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥልኝ። ይቅርታውን እኔ ነኝ መለመን ያለብኝ።

ወረቀቱ ደርሶኛል፤ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ አላስገባሁትም። በማግሥቱ መዝገብ ቤት ሄጄ የቀድሞውን ስሜን መልሱልኝ አልኩ። ጸሐፊው ባለፈው ዓመት አልቅሰሽ አስለወጥሽ፣ ዛሬ ምን ሆንሽ አለኝ። ባለቤት ያለው ስም ነው አልኩት። ምን እንደገባው እንጃ፣ ሰርዞ ጻፈው። ጠዋት ሲጠራ ያቺው ልጅ መጥረጊያዋን አነሣች። ተቀብያት ክፍሉን ሁሉ ጠረግሁት። ከዚያ ወዲህ አላነሣችም።

አልዋሽዎትም፣ አሁንም አልወደውም። ሲጠሩኝ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ግን የኔ ብቻ ስላልሆነ ልጥለው አልችልም።

ለጥራጊዎቹ እናቶች ይህን ይንገሩልኝ። ፈንጣጣ ስም አይጠይቅም። እኔን ያለፈኝ ዕድል ነው፤ ቀዩዋን ልጅ የያዛት ስሟ ተለውጦ አይደለም። የሚከለክለው በክንድ ላይ የምትጫር አንዲት ክትባት ናት። ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቻለሁና ከጎንደር ጤና ጥበቃ ሰዎች ጋር ይዤው እመጣለሁ። ዘጠኙንም ይሰብስቡልኝ፣ ስማቸውን የለወጡትንም። ከዚያ በፊት ግን አምባ ጊዮርጊስ ላይ እወርዳለሁ። ለአዛለች ይላኩባት፤ በበሯ እንድትጠብቀኝ።

ልጅዎ
ጥራጊ ማሩ


ግራርጌ ማርያም፣ ግንቦት 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጥራጊ ማሩ፤ ሁመራ ጤና ጣቢያ።

የቆላውን ሙቀት ያብርድልሽ፣ ትንኙንም ያርቅልሽ። በሰባ አራት ዓመቴ የምጽፈው ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ መነጽሩም አርጅቷል።

አዛለች በርክበ ካህናት ማግሥት ዐረፈች። ታመመች ሳይሉን ነው ዐረፈች ያሉን። ላንቺ ቶሎ ሰው ለመላክ መንገዱ ራቀብን። ያን ፋሲካ ከበሯ ቆማ ሦስት ጊዜ ጥራጊ ብላ ስትጠራሽ ሦስት ጊዜ አቤት ያልሻት ከፊቴ አይጠፋም። በየዓመቱም ሳትቀሪባት ነው የሄደችው። አታልቅሺ አልልሽም።

ስለ ስሙ ልንገርሽና ወደ ዋናው ልምጣ። ዘንድሮ ካጥቢያችን ሠላሳ አንድ ሕፃን ክርስትና ተነሥቷል፤ ጥራጊ የተባለ የለም። አምናም አልነበረም፣ ካቻምናም። ልጆቹ ከተከተቡ ወዲህ ፈንጣጣ ባገራችን አልገባም፤ ልጅ ከጥራጊ ላይ የሚያስቀምጥም አላየሁም። ሦስቱ የቀሩትም ሲያገቡ በባሎቻቸው አገር ሌላ ስም ተቀበሉ። በሁሉም ክንድ ላይ ያንቺ ጠባሳ አለ፤ ስሙ ግን ካንቺ በቀር በማንም ላይ የለም። ሙሾ አውራጇም የተቸገረችው በዚሁ ነው።

በለቅሶው ላይ አልቃሿ ሟቿን የማን እናት ብላ እንደምትጠራት ጠየቀች። ያለዚያ ሙሾው አይወርድላትም። ልጅ የላትም አሉ ዘመዶቿ። እናትሽ ከኋላ ነበረች፤ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ለለቅሶ አትቆምም። በምርኩዟ ተነሥታ ቆመችና፣

«የጥራጊ እናት በያት» አለች።

አልቃሿም የጥራጊ እናት እያለች አወረደችው፤ ሕዝቡም ተቀበላት። በዚያ ድምፅ መሀል እናትሽን አየኋት፣ እርስዋም አብራ ትቀበል ነበር።

አርባዋ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይወጣል። ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ። በልጅ ቦታ የሚቀመጥ ሌላ ሰው የላትም። እኔና እናትሽ ቀድመን እዚያ እንጠብቅሻለን። ከዳሱ በር ላይ ማነሽ የሚልሽ ቢኖር ስምሽን ብቻ ንገሪው፤ ያስገባሻል።

አጎትሽ
ወልደ ገብርኤል